የመቱዋ የእንቅልፍ እናት

ሀረገወይን ገብረ መድኅን በመቱ ገበያ ስታልፍ ሰው ፊቷን ሳያይ በጠረኗ ያውቃት ነበር። በሽተኛ የሚያስተኙበት የኤተር ጠረን ነው፤ ጣፈጥ የሚል፣ ግን አፍንጫን የሚቆነጥጥ፣ ታጥቦ በፀሐይ ተሰጥቶም ከነጠላ የማይለቅ። በርበሬ ሻጮቹ ሴቶች «ሀዳ ሂሪባ መጣች» ይባባላሉ፤ የእንቅልፍ እናት ማለታቸው ነው። ከመካከላቸው አንዷ ደፋር፣

«እትዬ፣ እባክሽ ራቅ በይልን፣ ሸጠን ሳንጨርስ እንዳንተኛ!» ትላታለች።

«አንቺን ለማስተኛትማ አንድ ጠርሙስ አይበቃም» ብላ ታልፋለች ሀረገወይን።

ያን ጊዜ መቱ ትንሽ ነበረች። ከጎሬ መኪና ሲገባ ከተማው ሁሉ ይሰማዋል። ዝናቡ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ጎረቤት ከጎረቤቱ የሚነጋገረው በጩኸት ነው። ሐኪም ቤቱ ወደ ሶር ወንዝ በሚወርደው መንገድ አፋፍ ላይ የተሠራ፣ ግድግዳው በጭቃ ተመርጎ በኖራ የተቀባ፣ ሃያ አልጋ ያለው ቤት ነበር። ዛሬ ስለዚያ ዘመን ሲነሣ መብራት አልነበረም፣ ደም አልነበረም፣ መሣሪያ አልነበረም ይባላል። እውነት ነው፣ አልነበረም። ሀረገወይን ግን ስታስበው የሚናፍቃት ነገር አለ። ለኦፕራሲዮን የገባ ሰው ስሟን ያውቅ ነበር፤ እሷም የእሱን፣ የልጆቹን፣ አንዳንዴም የበሬዎቹን።

የተወለደችው ቡሬ ነው። አባቷ ከጋምቤላ ዕቃ በሚወጣበት መንገድ ላይ የጉምሩክ ዘበኛ ነበሩ። ዘራቸው ከሰሜን ነው፤ ልጆቹ ግን ኦሮምኛን ከጎረቤት ልጆች ጋር አፈር ላይ እየተንከባለሉ ስለተማሩት ሀረገወይን በየትኛው ቋንቋ እንደምታልም ራሷም አታውቀውም። ጣሊያን ከወጣ በሦስተኛው ዓመት ትምህርት ቤት ገባች። አራተኛ ክፍል ስትደርስ እናቷ በወሊድ ሞተችና ሦስት ታናናሾች እጇ ላይ ቀሩ። ትምህርቱ በዚያው ቆመ። አላለቀሰችም፤ ለማልቀስ ማን ጊዜ ነበረው? ልጆቹ አድገው ሲበተኑ መቱ አክስቷ ዘንድ መጣች። ሐኪም ቤቱ ደም የነካው ጨርቅ የሚያጥብ ሰው ይፈልግ ስለነበር አጣቢ ሆነች።

አጣቢ ሆና ትቀር ነበር፣ ኤተር የሚሰጠው ሰው ወደ ጅማ ባይዛወር ኖሮ። ዶክተሩ አማርኛቸው ከሃያ ቃል የማይበልጥ ሽበታም ፈረንጅ ነበሩ። አንድ ቀን ሀረገወይን አፍ ድረስ የሞላ የውሃ ሳፋ ተሸክማ ጭቃውን ግቢ ጠብታ ሳታፈስ ስትሻገር በመስኮት አዩና ቁስል የሚያሽጉትን ድሬሰር ጋሼ ደርበውን ላኩባት።

«ማንበብ ትችያለሽ?» አሏት ጋሼ ደርበው።

«እስከ አራተኛ።»

«መቁጠርስ?»

«እሱንም እስከ አራተኛ።»

ጋሼ ደርበው ሳቁና ገቡ። በማግሥቱ ጭምብሉን ሰጧት፤ ማጠቡም ግን አልቀረላትም።

ጭምብሉ ከሽቦ የተሠራ የሻይ ማጥለያ የመሰለ ነገር ነው። ስምንት እጥፍ ሻሽ ይደረግበትና በበሽተኛው አፍና አፍንጫ ላይ ይቀመጣል፤ ኤተሩ በላዩ ላይ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ከበዛ ሰውየው አይነሣም፤ ካነሰ ከቢላዋ ሥር ይነቃል። በሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ የሚያሳይ መሣሪያ አልነበረም። የዓይን ብሌን ታያለች፣ ጣቷን ጆሮ ግንድ ላይ አድርጋ የደም ትርታ ትቆጥራለች፣ ከሁሉም በላይ ትንፋሽ ታዳምጣለች። ሦስት ወር ሳይሞላት ጀርባዋን ሰጥታ ቆማ እንኳ የሰው ምላስ ወደ ኋላ ሲወድቅ በድምፁ ብቻ ታውቅ ነበር።

ሥራው ግን የሚጀመረው ጭምብሉ ላይ አልነበረም። ከኦፕራሲዮኑ በፊት ባለው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ትቀመጣለች። ሴት ከሆነች ሹሩባ ትፈታለች፣ አምባር ታወልቃለች። ከብርድ ልብሱ ሥር እጇን ሰድዳ ዘመድ የደበቀውን የተቀቀለ ጎደሬ ታወጣለች፤ ዘመድ ሰውን በባዶ ሆዱ ለቢላዋ መስጠት ጭካኔ ይመስለዋልና። ከዚያ የሚሆነውን ሁሉ ትነግረዋለች፤ ጠረኑ ይከብድሃል፣ ጆሮህ ይጮሃል፣ ውሃ ውስጥ የገባህ ይመስልሃል፣ አትታገለው፣ እኔ ራስጌህ ነኝ። ይህን አድርጊ ያላት የለም። ሰው ፈርቶ ሲተኛ ብዙ ኤተር እንደሚጠጣ፣ ተረጋግቶ ሲተኛ ግን ጥቂት እንደሚበቃው ከእጇ ተምራው ነው።

በሃምሳ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ነሐሴ ውስጥ፣ ከኖፓ በኩል ስምንት ሰዎች አንዲት ሴት በቃሬዛ ተሸክመው ገቡ። ተጂቱ ትባላለች። ሆዷ ሰባት ወር ሙሉ ሲያብጥ እርግዝና ነው ተብሎ ቆይቶ፣ በመጨረሻው ሳምንት ሕመሙ ራሷን እስክትስት ድረስ አጣደፋት። ዶክተሩ ሆዷን ዳሰሱና ውሃ የቋጠረ እጢ ነው፣ ተጠማዟል፣ ነገ ጠዋት መውጣት አለበት አሉ።

ጋሼ ደርበው ማጠቢያው ቤት ድረስ መጡ።

«ነይ፣ አንቺ ሞክሪያት። አልገባም ብላለች። ባሏ ነመራ እግሯ ሥር ወድቆ ያለቅሳል፣ አማቷ ይለምናሉ፣ እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራለች። ቢላዋ የፈራ ሰው ስንት አይቻለሁ፣ እንዲህ ያለ ግን አላየሁም።»

«ካልገባችስ?»

«እጢው ይፈነዳላ! ከዚያ ቃሬዛው ባዶውን አይመለስም።»

ሀረገወይን ወንዶቹን አስወጥታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። የተጂቱን ሹሩባ መፍታት ጀመረች። ተጂቱ በኦሮምኛ ቀስ ብላ ጠየቀች።

«እትዬ፣ እሱን ያሸተተ ሰው በሆዱ ያለውን ሁሉ ይለፈልፋል የሚባለው እውነት ነው?»

«ሁሉም አይደለም። አንዳንዱ ይዘፍናል፣ አንዳንዱ ይሳደባል። አንድ የኡካ ሰው እስኪተኛ ድረስ ሲያርስ ነበር፤ ‹ሂድ! ተመለስ!› እያለ ዶክተሩን እንደ በሬ ነዳቸው።»

ተጂቱ አልሳቀችም። ሀረገወይን ገባኝ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ስሚኝ፣ እዚያ ቤት የተባለ ነገር ከእኔ አይወጣም። ሁላችንም ሰው ነን። አንድ ሰው ካለ…»

«ውሽማ ያለኝ መሰለሽ?» ሕመሙን ረስታ ብድግ ልትል ቃጣት። «እኔ! አሥራ አንድ ዓመት በሰው ቤት አንገቴን ደፍቼ የኖርኩት! እንዲህ ያለች ሴት እመስላለሁ?»

«ይቅር በይኝ። እንግዲያው ምንድን ነው?»

ነገሩ የአማቷ ስም ነበር። በአገሩ ሥርዓት ያገባች ሴት የባሏን አባት ስም አፏ ላይ አታወጣም። ላጉ ይሉታል። ከስሙ ጋር የሚቀራረበውን ቃል ሁሉ ትተዋለች፣ ሌላ ትተካበታለች። አማቷ አብደታ ይባላሉ፤ ስሙ በኦሮምኛ ከተስፋ የወጣ ነውና ተጂቱ ቤታቸው ከገባች ጀምሮ ተስፋ የሚለውን ቃል በቋንቋዋ ተናግራ አታውቅም። አንድ ዓመት ወባ ሲያቃዣት ሌሊቱን ጨርቅ ነክሳ አድራለች። አሁን ደግሞ እሳቸው፣ ባሏ፣ የባሏ ወንድሞች፣ ሁሉም ደጅ ናቸው። በዚያ ሁሉ ጆሮ ፊት ስሙን ብትጠራ ውርደቱ የእሷ ብቻ አይደለም። ያሳደጓት እናትና አባቷ ናቸው የሚሰደቡት።

«አፌን እሰሪው» አለች።

«አይሆንም። ትውከት ይመጣል፣ ታፍነሽ ትሞቻለሽ።»

«እንግዲያው ሳልተኛ ይቅደደኝ። ሁለት ልጅ ስወልድ ትንፍሽ አላልኩም።»

«ሆድ እንዲያ አይቀደድም።»

«እንግዲያው ልሙት» አለች ተጂቱ፣ በሩን ዝጊው እንደሚል ሰው በተራ ድምፅ።

ሀረገወይን ወጥታ ሽማግሌውን ፈለገች። አቶ አብደታ ቀጠን ረዘም ያሉ፣ ካፖርታቸው ዘመኑን የጨረሰ ሰው ነበሩ።

«አባቴ፣ ነገ ረጅም ሰዓት ነው። ጋሼ ደርበው ቤት ትንሽ አረፍ ብለው ይመለሱ።»

«ከአባቷ ቤት ያወጣኋት እኔ ነኝ፣ ልጄ። እዚያ መስኮት ሥር ድንጋይ አይቻለሁ። እሱ ይበቃኛል።»

ምክንያቱን ልትነግራቸው አልቻለችም፤ መንገሩ ራሱ ማጋለጥ ነው። መስኮቱን ስለ መዝጋት ጋሼ ደርበውን ብትጠይቅ፣ «መስኮት ዘግተን ኤተር ከከፈትን መጀመሪያ የሚያንኮራፉት ዶክተሩ ናቸው» አሏት። ተመልሳ ገባች።

«ድምፄን ከድምፅሽ በላይ አደርጋለሁ» አለቻት። «አንቺ ስትለፈልፊ እኔ በጩኸት እቆጥራለሁ። ማንም አይሰማሽም።»

ተጂቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን አየቻት። «ማይልኝ።»

«በእናቴ መቃብር።»

ሌላ ቀን ቢሆን ዝናቡ ድምፁን ሁሉ በዋጠው። በማግሥቱ ጠዋት ግን፣ በነሐሴ፣ ሰማዩ ጠርቶ አደረ። ከሶር ማዶ ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ድምፅ እንኳ ይሰማ ነበር። ተጂቱ ጠረጴዛው ላይ ወጣች፣ ሀረገወይን ራስጌዋ ቆመች፣ ጭምብሉን አስቀመጠችና ማንጠብጠብ ጀመረች።

«ከእኔ ጋር ቁጠሪ። ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ…»

«ቶኮ… ለማ… ሰዲ… አፉር…»

ሰባት ላይ ቁጥሩ ተምታታ። ተጂቱ እናቷን ጠራች። ላሟን ከበቆሎ ማሳ ውጪ ብላ ተቆጣች። ራሷን ማወራጨት ጀመረች፤ ጋሼ ደርበው እግሯን ያዙ። ከዚያ ከንፈሯ ከጭምብሉ ሥር «አ…» ብሎ ሲከፈት ሀረገወይን ከአሥር ጀምራ ቁጥሩን ጮኸች።

«ኩደን! ኩዳ ቶኮ! ኩዳ ለማ!»

ዶክተሩ ከቢላዎቻቸው ቀና አሉ።

«ምን ነካሽ?» አሉ ጋሼ ደርበው። «ጨረታ ነው እንዴ?»

«እባክዎ እግሯን ይያዙልኝ ጋሼ! ኩዳ ሰዲ! ኩዳ አፉር!»

እንዲህ እያለች አርባ ደረሰች። ጉሮሮዋ ተቃጠለ። ተጂቱ አፏ ይንቀሳቀሳል፣ የሚወጣው ግን አይለይም። ተሳካልኝ ብላ ሀረገወይን ሃምሳን ስትሻገር የተጂቱ ከንፈር ቆመ። ከንፈሩ ጠቁሯል። ደረቷ ይነሣል ወይስ አይነሣም? ሀረገወይን ልታዳምጥ ፈለገች፤ በጆሮዋ የሞላው ግን የራሷ ጩኸት ብቻ ነበር። ያቺ ሴት ከመቼ ጀምሮ ትንፋሽ እንዳጣች አላወቀችም። በዚያ ሥራ በቆየችበት ዘመን እንዲህ ሆና አታውቅም።

ቁጥሩን አቆመች።

ቤቱ ጭር አለ። ጭምብሉን አነሣች፤ ተጂቱ ጥርሷን ነክሳ ትንፋሿን ይዛ ቀርታለች። ሁለት ጣቶቿን ከመንጋጋዋ አጥንት ኋላ አስገብታ በሙሉ ኃይሏ ወደ ላይ ሳበች። ምንም የለም። ደግማ ሳበች። ያኔ ጥርሱ ተላቀቀና አየሩ እንደሚቀደድ አቡጀዲ እየጮኸ ገባ፤ ሲወጣም ድምፅ ይዞ ወጣ።

«አብደታ!»

ደግሞም፣ ጎተት አድርጋ፣ ከወንዝ ማዶ እንደምትጣራ ልጅ፤ «አብደታ!»

ጋሼ ደርበው፣ ሥርዓቱን የሚያውቁ ሰው፣ እግሯን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ። ከመስኮቱ ሥር፣ ከድንጋዩ ላይ፣ የሽማግሌ ድምፅ መለሰ።

«አን ጂራ፣ ኢንተላ ኮ።» አለሁ፣ ልጄ።

«ደህና?» አሉ ዶክተሩ።

«ደህና» አለች ሀረገወይን። ጭምብሉን መለሰች። የተጂቱ ትንፋሽ ረጅምና እኩል ሆነ።

እጢው ትልቅ ቅል ያህል ነበር። ተሰፍታ ካለቀች በኋላ ሀረገወይን እጇን ታጥባ ወጣች። ወንዶቹ ሁሉ መሬት መሬት ያያሉ። ነመራ ጋቢውን ተከናንቧል። አቶ አብደታ ብቻ ቀና ብለው ተቀምጠዋል።

«በሕይወት አለች?»

«አለች አባቴ። ትንፋሿም ደህና ነው።»

ሽማግሌው ወደ ወንዶቹ ዞሩ። «ከእናንተ መካከል ዛሬ እዚህ ነገር የሰማ አለ?»

የወንድማቸው ልጅ ኩመራ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ ወፍ ሰምቻለሁ።»

«እኔም የሰማሁት ወፍ ነው» አሉ አቶ አብደታ። ከዚያ ወደ ሀረገወይን፤ «ስትነቃ ትጠይቅሻለች። አላልሽም በያት።»

ተጂቱ የነቃችው ከሰዓት በኋላ ነው። ሀረገወይን ራሷን ወደ ጎን አዙራ አስታወከቻት፣ አፏን ጠረገች፣ ውሃ ስትለምን የራሰ ሻሽ ከንፈሯ ላይ አደረገችላት። ተጂቱ ስለ ሕመሙ አላነሣችም። መጀመሪያ ከአፏ የወጣው ቃል፣

«አልኩ?» ነበር።

«አላልሽም። እየቆጠርሽ ነው የተኛሽው።»

ተጂቱ ዓይኗን ጨፈነች፤ እንባዋ ወደ ጆሮዋ ወረደ። ሀረገወይን ተነሥታ ወደ ማጠቢያው ቤት ሄደች። ደም የነካው ጨርቅ እንደሁሌው ይጠብቃት ነበር።

ከዚያ በኋላ ለማንም አልማለችም። በምትኩ አዲስ ደንብ አወጣች፤ የታማሚ ዘመድ ሁሉ ከቤቱ ጀርባ፣ ከወጥ ቤቱ ወዲያ ይቀመጣል። ለምን ሲሏት፣ ኤተሩ በመስኮት ወጥቶ ያስተኛችኋል ትላለች። ሰው አመናት፤ መቼም በጠረኗ ያውቃታል። ከኖፓና ከቡሬ የሚመጡ ሴቶች ግን «ድምፅ የምትሸፍነዋ የት አለች?» እያሉ ይገቡ ነበር፤ ተጂቱ አውርታላት። እንዲህ ሲሏት ሀረገወይን ሹሩባቸውን መፍታት ትጀምራለች።

ዓመታት ሄዱ። ዶክተሩ አገራቸው ገቡ። ጋሼ ደርበው ጡረታ ወጡ። ከአዲስ አበባ መሣሪያና መሣሪያውን የተማረ ጎልማሳ መጣ፤ ጥሩ ሰው ነው፣ ሥራውንም ያውቃል፤ በሽተኛውን የሚያገኘው ግን ጠረጴዛው ላይ ነው። ለሀረገወይን ልብስ ማጠቢያው ብቻ ቀረላት። ቅር አላላትም ለማለት አይቻልም፤ ግን ማን ጠይቋት? ኤተሩ ከነጠላዋ ለቀቀ። በገበያ የሚያውቃት ሰው ቀነሰ።

በስድሳ አራት፣ በጥር፣ ሐዘን የለበሰች ሴት ማጠቢያው ቤት በር ላይ ቆመች። በጀርባዋ ትልቅ ቅል ማር አዝላለች።

«እትዬ ሀረገወይን፣ ረሳሽኝ?»

«ሆድሽን ባየው አስታውስ ነበር፣ ተጂቱ» አለች ሀረገወይን፤ ተቃቅፈው ተሳሳሙ። ተጂቱ ማሩን አወረደች። አራት ልጆች አሏት፤ ሁለቱ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ የተወለዱ ናቸው። ከዚያ ሣጥን ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን አስተካከለች።

«አባታችን አረፉ። ሊያርፉ ሲሉ ‹አንድ ቀን ጠርተሽኝ ነበር› አሉኝ። ትኩሳቱ ነው አልኩ። ግን ትኩሳት አልነበራቸውም። አሁን እውነቱን ንገሪኝ።»

ሀረገወይን እጇን በሽርጧ ጠረገች። «ብለሻል።»

«ስንት ጊዜ?»

«ሁለት ጊዜ።»

«በእናትሽ መቃብር ምለሽልኝ ነበር።»

«ምዬ ነበር። ጮኼም ነበር። ከዚያ ትንፋሽሽ ጠፋብኝ። እየጮኽኩ ልሰማው አልቻልኩም፤ ዝም አልኩ። በዚያች ዝምታ ነው የወጣሽ።»

ደጅ ላይ የተሰጣው አንሶላ በነፋስ ይማታል።

«የዚያን ዕለት ነግረሽኝ ቢሆን» አለች፣ «ቁስሌ ሳይደርቅ ወደ አባቴ ቤት እሄድ ነበር። ምን ፊት ይዤ እግራቸውን አጥባለሁ? ስምንት ዓመት ሙሉ ቀና ብዬ አጠብኩ።»

«አትንገሪያት ያሉት እሳቸው ናቸው።»

«ሰምተዋል ማለት ነው።»

«መስኮቱ ሥር ነበሩ።»

«ምን አሉ? ስጠራቸው?»

«‹አለሁ፣ ልጄ› አሉ።»

ተጂቱ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ ትስቅ እንደሆነ ታለቅስ እንደሆነ ሀረገወይን መለየት አልቻለችም፣ ነጠላውም እስኪወርድ ጠበቀች። ሲወርድ ሁለቱም ነበር።

«ውሸታም» አለቻት ተጂቱ፣ ዓይኗን እየጠረገች። «ማሩን ይዤብሽ ልመለስ ይሆን?»

«ውሰጂው፣ መብትሽ ነው።»

«ተዪው። መንገዱ ዳገት ነው፣ ቅሉም ከባድ ነው።»